ፊትና ስም፦ ስለ ፎቶግራፍ መጻሕፍት

የፎቶግራፍ መጽሐፍ ባለታሪኮች ብዙውን ጊዜ ባለታሪክ መሆናቸውን ሳያውቁ ይኖራሉ። ልብ ወለድ የፈጠራቸው ሰዎች ከመጽሐፉ ውጭ ሕይወት የላቸውም፤ በፎቶግራፍ መጽሐፍ ላይ ፊቱ የታተመው ገበሬ ግን መጽሐፉ በሩቅ አገር ሲገለጥ እርሱ በማሳው ላይ ነው። አካሉ አንድ ስፍራ፣ ፊቱ ሌላ ስፍራ ይውላል። ከባለቤቱ ተለይቶ የሚጓዝ ፊት የማን ነው? ፊቱን የወሰደውስ ሰው ለሰጠው ምን ዕዳ አለበት?

ስለ ሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ የታተሙትን መጻሕፍት ላገላበጠ ሰው አንድ ልማድ ቶሎ ይገለጥለታል። ተራራው ስም አለው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ስም አለው፤ ወንዙም ስም አለው። ሰውየው ግን «ገበሬ»፣ ሴትየዋ «ውኃ የተሸከመች እናት» ተብለው ያልፋሉ። ጉና ጉና ተብሎ ይጠራል፤ ከጉና ወዲህ በእስቴ መሬት ላይ የሚያርሰው ሰው ግን የጉና ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

የደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ። በኋላ በልብ ወለድ ድርሰቶቻቸውም የታወቁት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ፣ በዚህ አገር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደኖች መርምረው እ.ኤ.አ. በ2007 የዶክትሬት ጽሑፋቸውን አቅርበዋል። ከዚያ ወዲህ የዓለም ፎቶግራፍ አንሺዎች ዓይን ወደነዚህ ደኖች ዞረ። ከአየር የተነሡትን ሥዕሎች ያየ ሰው መደነቁ አይቀርም፤ በታረሰው ቡናማ መሬት መካከል ክብ አረንጓዴ ደሴት፣ በደሴቱም እምብርት የቤተ መቅደሱ ክዳን ይታያል። ይሁን እንጂ ዐፀዱ ለአጥቢያው ሰው የአትክልት ስፍራ ብቻ አይደለም። አያት ቅድመ አያት የተቀበሩበት፣ ማኅበር የሚጠጣበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት ስፍራ ነው። ወይራውና ጥዱ ሳይቆረጡ የቆዩትም የቆሙበት መሬት የተቀደሰ በመሆኑ ነው። ከብት ገብቶ ችግኙን እንዳያጠፋ ከየማሳው ድንጋይ ለቅመው አጥር የካቡ ምእመናን አሉ። ከአየር ሲታይ አጥሩ ቀጭን መስመር ነው፤ የካበው እጅ አይታይም። ሥዕሉ ሐሰት አልተናገረም፤ የቆመበት ከፍታ ግን ምን እንደሚታይና ምን እንደሚቀር አስቀድሞ ወስኗል።

አገሩ ራሱ ስለ ፊት የቆየ ሕግ ነበረው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ኃጥኡ በጎኑ፣ በአንድ ዓይኑ። ሠዓሊው በሚሥለው ፊት ላይ ፍርድ ይሰጥ ነበር ማለት ነው። በጣና ላይ፣ በደቅ ደሴት በምትገኘው በናርጋ ሥላሴ፣ ያሠሯት እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ። አሠሪው በሥዕሉ ሥር ስሙን የሚያጽፈውም የሚያየው ሁሉ በጸሎት እንዲያስበው ነው። በብራና መጽሐፍም ያስጻፈው ሰው ስም በጸሎቱ መካከል ይገባል፤ መጽሐፉ እጅ ሲለውጥ የፊተኛው ስም ተፍቆ የአዲሱ ባለቤት ስም ይተካበታል፤ የፍቀቱ ምልክት ግን ለሚያስተውል አይጠፋም። እርግጥ ይህ ክብር የደረሰው ለማሠራትና ለማስጻፍ አቅም ለነበረው ነው። ካሜራ በዚህ ረገድ ከብሩሽ ይልቅ ለጋስ ሆነ፤ ለባለጠጋም ለድኻም ፊትን እኩል ሰጠ። ስምን ግን እንደ ቀድሞው ለጥቂቶች አስቀረ።

እ.ኤ.አ. በ2025 ያረፈው ብራዚላዊው ሴባስቲያኦ ሳልጋዶ የኢኮኖሚክስ ሙያውን ትቶ ፎቶግራፍ አንሺ የሆነ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984፣ ማለትም በ1977ቱ ረኃብ፣ ኮረም መጠለያ ገብቶ ያነሣቸው ሥዕሎች እ.ኤ.አ. በ1986 በፈረንሳይ በታተመው «ሳሕል» በተባለው መጽሐፍ ወጡ። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ያው ሰው ከላሊበላ ተነሥቶ እስከ ሰሜን ተራሮች በእግሩ ተጓዘ፤ ያነሣውም እ.ኤ.አ. በ2013 «ዘፍጥረት» ብሎ በሰየመው መጽሐፍ ውስጥ ገባ። የሥዕሎቹ ጥበብ አያጠያይቅም። ነገር ግን በመጀመሪያው መጽሐፍ የደጋው ሰው የሞት ጎረቤት ነው፤ በሁለተኛው ከግዙፍ ተራራ ፊት የቆመ የጥንት ሰው ነው። በመካከሉ ያሉት 24 ዓመታት፣ የተዘራባቸውና የታጨደባቸው፣ ዕቁብ የተጣለባቸው፣ ስለ ድንበር የተካሰሱባቸው፣ ልጅ ተምሮ መምህር የሆነባቸው ዓመታት ከሁለቱም ጥራዞች ውጭ ቀሩ። ከሥዕሎቹም ሥር የሚነበበው አብዛኛውን ጊዜ የቦታ ስምና ዓመት ነው።

እዚህ ላይ ተከራካሪ ሊነሣ ይችላል። በሞት አፋፍ ላይ ያለን ሰው በስሙ ጠርቶ ማተም መከራውን በስሙ ላይ ማጣበቅ አይሆንምን? ልጆቹስ ነገ የአባታቸውን ስም በዚያ ገጽ ላይ ሊያዩት ይወዳሉን? ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ስም የሚደበቅበትም ደግ ምክንያት አለ። ሆኖም በዚያው ዘመን በትግራይ የሆነውን ማስታወስ ያሻል። የካናዳ ቴሌቪዥን ልትሞት ነው የተባለችን አንዲት ሕፃን ቀረጸ፤ ምስሏም እ.ኤ.አ. በ1985 በለንደኑ የላይቭ ኤድ ዝግጅት ላይ ለዓለም ታየ። ለብዙው ተመልካች የረኃብ ምልክት እንጂ ሰው አልነበረችም። ከ20 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2005፣ ብርሃን ወልዱ በዚያው ከተማ በላይቭ 8 መድረክ ላይ በስሟ ተጠርታ ቆመች። ምልክት ስም የለውም፤ አያድግም፤ አይመልስም። እርሷ ግን አድጋ ተናገረች።

ስም ብቻውንም ቢሆን ዕዳውን ጨርሶ አይከፍልም። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን አስጎትተው ከደብረ ታቦር በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ባቀኑበት ዓመት፣ የእንግሊዝ ጦር መሐንዲሶች ካሜራ ይዘው ከባሕር በኩል ይመጡ ነበር። መቅደላ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ከወደቀች በኋላ ወደ እንግሊዝ የተወሰደውን ሕፃን ልዑል ዓለማየሁን፣ በዚያው ዓመት በዋይት ደሴት የታወቀችው ፎቶግራፍ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ከካፒቴን ስፒዲ ጋር አነሣችው። ስሙ ተጽፏል፤ የአባቱም ስም ተጽፏል። እንዴት መታየት እንደሚወድ የጠየቀው ሰው ስለመኖሩ ግን ከሥዕሉ ላይ የሚነበብ ነገር የለም። ልጁ እ.ኤ.አ. በ1879 በ18 ዓመቱ አርፎ በዊንዘር ተቀበረ። ሥዕሉ እስከ ዛሬ ይታተማል።

መታየት የሚወዱት እንዴት እንደሆነ ለመረዳት የገጠሩን ሰው ማስተዋል ይበቃል። ፎቶ ልትነሣ የተጠራች ሴት አስቀድማ ፊቷን ትታጠባለች፤ ንጹሑን ቀሚስ ከሣጥን ታወጣለች፤ ባልየው ጋቢውን አስተካክሎ ይደርባል። በከተማው ፎቶ ቤት፣ ቀለም በተቀባው መጋረጃ ፊት፣ ሁለቱም ሳይስቁ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ እንደ ቤተ ክርስቲያኑ ጻድቅ በሁለት ሙሉ ዓይን። የዕለት ኑሮን እመዘግባለሁ የሚለው ፎቶግራፍ አንሺ ግን ከዚህ ይሸሻል። «እንዳላችሁ ሁኑ» ይላል፤ እውነቱ ጭቃው፣ ላቡና የተቀደደው ቁምጣ ነው ብሎ ያምናልና። ገበሬው አብዛኛውን ቀን በቁምጣው መዋሉ እውነት ነው። ጋቢውም ግን ውሸት አይደለም፤ ሰውየው ለራሱ የሚሰጠው ክብር ነው። የሐዘን ዕለት በድንኳኑ ውስጥ የሚቆመው፣ ቤተ ዘመድ የሚያለቅስበት ፎቶግራፍ በጋቢው የተነሣው ነው። ሁለቱንም አንሥቶ ጎን ለጎን ማተምን የሚከለክል የጥበብ ሕግ የለም፤ የሚከለክለው የመጽሐፉ ገዥ ጭቃውን መምረጡ ነው።

ሌላ ዓይነት መጽሐፍም አለ፤ እርሱም በየቤቱ የሚገኘው አልበም ነው። ቡናው እስኪፈላ ለእንግዳ ሲቀርብ የቤቱ እመቤት አጠገቡ ተቀምጣ ገጹን ትገልጣለች፤ ይህ ወንድሟ፣ ይህች ሚዜዋ፣ ይህ በሕይወት የሌለው አባቷ እንደሆነ ትነግረዋለች። በአልበሙ ላይ የተጻፈ ነገር እምብዛም የለም፤ አንደበቷ ይበቃልና። የታተመው መጽሐፍ የጎደለው ይህ አንደበት ነው።

ጉድለቱን ለመሙላት የተሞከረበት ጊዜም አልታጣም። ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒ ዤራር እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥራዝ፣ እ.ኤ.አ. ከ1867 እስከ 1935 በኢትዮጵያ የተነሡትን ፎቶግራፎች ከታሪክ ጋር አዛምደዋል። ወጣቶች ያዘጋጁትና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» ደግሞ ከየቤተሰቡ አልበም የተሰበሰቡ ሥዕሎችን ከነትዝታቸው ይዞ ወጣ። በዚህኛው መጽሐፍ ተራው ሰው በገዛ ሠርጉ፣ በገዛ ልብሱ፣ በገዛ ቃሉ ይታያል። የፎቶግራፎቹ ጥራት ከሳልጋዶ ጋር አይወዳደርም፤ መወዳደርም አላስፈለገውም።

ከአዲስ አበባ ውጭ ያሉት አልበሞች ግን እንዲህ ያለ ሰብሳቢ ይጠብቃሉ። በመካነ ኢየሱስ፣ በስማዳና በጋይንት ከተሞች፣ በግድግዳ የተሰቀሉትን ፎቶግራፎች የምድጃ ጭስ ያጠቁራቸዋል፤ በፕላስቲክ የተሸፈኑት እየተጣበቁ ቀለማቸው ይለቃል፤ አዲሶቹም በስልክ ውስጥ ቆይተው ስልኩ ሲሰበር አብረው ይሄዳሉ። በእነዚያ ሥዕሎች ላይ ያሉትን ፊቶች አንድ በአንድ በስም የሚጠሩት ሰዎች ዛሬ አርጅተዋል። ሥራውን ለመጀመር ደብተርና እርሳስ ከካሜራ ይቀድማሉ፤ ይህ ማን ነው፣ የማን ልጅ ነው፣ የተነሣውስ በየትኛው ዓመት፣ በማን ሠርግ ላይ ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰውም ያስፈልጋል።