የዲንግ ቢላዋ

ልጄ፣ አዲስ መሥሪያ ቤት ልትገባ መሆኑን ሰማሁ፤ እንኳን ደስ ያለህ። ዕውቀት እንደማያንስህ አውቃለሁ፤ የምሰጋው ዕውቀትህ ጆሮህን እንዳይደፍንብህ ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዘመን ቻይና ውስጥ ዡዋንግዚ የሚባል የታኦይዝም ሊቅ ነበር። በስሙ በሚጠራው መጽሐፍ ውስጥ ስለ አንድ የወንዝ አምላክ ይነገራል። ወንዙ በመጸው ጎርፍ ሞልቶ፣ ማዶ የቆመው በሬ ይሁን ፈረስ እስከማይለይ ድረስ ሲሰፋ፣ የዓለም ውበት ሁሉ የእኔ ነው ብሎ ኮራ። ወደ ምሥራቅ ወርዶ ባሕሩን ሲያይ ግን ዳርቻው ጠፋበት። ማነሱንም በገዛ አፉ ተናገረ። የባሕሩ አምላክ ሊያስተምረው የጀመረው ያኔ ነው። ልብ በል፤ ባሕሩም ቢሆን በሰማይና በምድር መካከል ራሱን የሚቆጥረው እንደ ትንሽ ጠጠር ነበር።

ወንዙ ከዚያ በኋላ አንገቱን ደፍቶ አልቀረም፤ ጥያቄ በጥያቄ ላይ ደረደረ። ትሕትናን ከዝምታ ጋር አታምታታ የምልህ ለዚህ ነው፤ ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል። ያልገባህን ጠይቅ። «እኛ ዘንድ እንዲህ አልነበረም» የምትለዋን ግን ምክንያቱን እስክትሰማ ያዝ አድርጋት። ትርፍ የመሰለህ ፊርማ ድሮ በጠፋ ንብረት ሰበብ የመጣ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያውቀው ደግሞ ሁልጊዜ አለቃህ አይደለም፤ የመዝገብ ቤቷንም ሠራተኛ፣ የጥበቃውንም ሰው ጠይቅ።

በዚያው መጽሐፍ የበሬ ብልት የሚያወጣ ዲንግ የሚባል ወጥ ሠሪ አለ። ተራው ወጥ ሠሪ አጥንት እየፈለጠ በየወሩ ቢላዋ ይለውጣል፤ ጎበዙ በየዓመቱ። የዲንግ ቢላዋ ግን 19 ዓመት ሙሉ ብዙ ሺህ በሬ በልቶ ገና አሁን የተሞረደ ይመስል ነበር፤ በመገጣጠሚያው ክፍተት ያሳልፈዋል እንጂ አይፈልጥበትም። እኔን የሚደንቀኝ ሌላው ነው፦ ያን ሁሉ ልምድ ይዞ፣ የተቆላለፈ ቦታ ሲደርስ ይጠነቀቃል፣ ዓይኑን ይተክላል፣ እጁን ያዘገያል።

የመጀመሪያው ቀን ትሕትና አይከብድም፤ አለማወቅህ ያስገድድሃል። የሚከብደው ሰው ሁሉ አንተን መጠየቅ ሲጀምር ነው። ያኔ አስቸጋሪ ጉዳይ ሲገጥምህ «ይህንንማ አውቀዋለሁ» ብለህ አትቸኩል። አዲስ የገባ ልጅ ጥያቄ ይዞ ቢመጣም አታጣጥለው፤ አንተ ለምደኸው ማየት የተውከውን እሱ አይቶት ይሆናል።