ተቆጠሩ እንጂ አልተጠየቁም

ኖቬምበር 22 ቀን 1925 የጣሊያን መንግሥት ሴቶች በማዘጋጃ ቤትና በአውራጃ ምርጫ ድምፅ እንዲሰጡ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሕጉ ለሴት ሁሉ አልነበረም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ባሏ ወይም ልጇ የሞተባት፣ በአገልግሎቷ የተሸለመች፣ የትምህርት ማስረጃ ያላት ወይም ግብር የምትከፍል ብቻ ነበረች የተፈቀደላት። ቢሆንም ለብዙ ዓመታት ሲጠየቅ የኖረ ነገር ነውና የጓጉለት ሴቶች ጥቂት አልነበሩም። ሙሶሊኒ ራሱም በዚያው ዓመት በሜይ ምክር ቤት ቀርቦ ረቂቁ እንዲጸድቅ ተከራክሮለታል።

ደስታው አንድ ዓመት እንኳ አልሞላም። በፌብሩዋሪ 1926 በትንንሾቹ፣ በሴፕቴምበር ደግሞ በቀሩት ከተሞች ሁሉ ሕዝብ የሚመርጣቸው ከንቲባዎችና ምክር ቤቶች ተሻሩ። በቦታቸው «ፖዴስታ» የሚባል፣ ከላይ የሚሾም ሹም ተተካ። ሴቶቹ የመምረጥ መብት በእጃቸው ነበር፤ የሚመረጥ ሰው ግን አልነበረም። በዚያ ሕግ አንዲት ጣሊያናዊት እንኳ ድምፅ ሳትሰጥ ቀረች።

ሴቶች በፋሺዝም ውስጥ ምን ቦታ ነበራቸው ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ወሬ ስለ እናትነት፣ ስለ ሰልፍና ስለ ደንብ ልብስ ነው። እኔ ግን ከዚህ ሕግ መጀመር ይሻላል እላለሁ። ምክንያቱም ከዚያ በኋላ በአገዛዙ ዘመን የሆነው ነገር ሁሉ በዚህ ውስጥ ይታያል። አገዛዙ ሴቶችን አባረራቸው ማለት ስሕተት ነው። ጠራቸው፣ መዘገባቸው፣ አሰለፋቸው፤ ከእነርሱ በፊት የነበረ የትኛውም የጣሊያን መንግሥት ያላደረገውን ያህል ሰበሰባቸው። የነፈጋቸው አንድ ነገር ነው፤ እርሱም መወሰን ነበር።

መጀመሪያ የተጠጉት ሴቶች የዋህ አልነበሩም። ሙሶሊኒ በማርች 1919 በሚላኖ ሳን ሴፖልክሮ አደባባይ እንቅስቃሴውን ሲመሠርት በስብሰባው ሴቶች ነበሩ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ የወጣው ፕሮግራምም ለሴቶች የመምረጥና የመመረጥ መብት እንደሚሰጥ ቃል ገብቷል። የተቀላቀሉት አብዛኞቹ የከተማ ሰዎች፣ መምህራን፣ በጦርነቱ ነርስ ሆነው ያገለገሉና ከጦርነቱ በኋላ «ወደ ጓዳችሁ ተመለሱ» መባልን ያልወደዱ ነበሩ። በማርች 1920 ከሚላኖ አጠገብ ባለችው ሞንዛ የመጀመሪያው የሴቶች ፋሺዮ፣ ማለትም የፋሺስት ሴቶች ቡድን፣ ተቋቋመ።

ከእነዚህ ሴቶች መካከል የቬኔዚያዋ ኤሊዛ ማየር ሪዚዮሊ ታሪክ ከሁሉ ይልቅ ያሳዝነኛል፤ ያስተምረኛልም። በሊቢያው ጦርነት በቀይ መስቀል ነርስነት አገልግላለች፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነትም እንዲሁ። ባለቅኔው ዳኑንዚዮ የፊዩሜን ከተማ ሲይዝ ደግፋዋለች። ይህችን የመሰለች ሴት ፋሺዝምን የተቀበለችው ከልቧ ነው፤ ማንም አላስገደዳትም። የሴቶቹን ፋሺዮዎች የምትመራ ተቆጣጣሪ ሆና ስትሾም የፈለገችው ነገር ግልጽ ነበር፦ ሴቶቹ የራሳቸው አመራር፣ የራሳቸው ጋዜጣ፣ የራሳቸው ሐሳብ ይኑራቸው አለች። ያን ጊዜ የፋሺስት ፓርቲው ዋና ጸሐፊ ሮቤርቶ ፋሪናቺ ነበር፤ የሴት አመራር ራሱን ችሎ መቆሙን አልወደደውም። በ1926 መጀመሪያ የእርሷ የተቆጣጣሪነት ጽሕፈት ቤት ተዘጋ። የየከተማው የሴቶች ማኅበር በየአውራጃው የፓርቲ ሹም ሥር ገባ፤ ከላይም የፓርቲው ዋና ጸሐፊ ነበረበት፤ ሁሉም ወንዶች ነበሩ። ማየር ሪዚዮሊ መጽሔቷን እያዘጋጀች ቆይታ በ1930 ሞተች።

የጽሕፈት ቤቱ መዘጋትና የምርጫው መሻር በአንድ ወቅት መሆናቸውን ልብ ይሏል። ታማኝነት ድምፅን አልገዛላቸውም። አገዛዙ የምትቃወመውን ሴት ብቻ ሳይሆን የምትወደውንም ሴት ዝም አሰኛት። በታላቁ የፋሺስት ምክር ቤት እስከ ውድቀቱ ድረስ አንዲት ሴት እንኳ አልተቀመጠችም።

ከዚያ ወዲያ ሕጎቹ ተከታተሉ። በዲሴምበር 1926 በወጣ ድንጋጌ ሴቶች በሊቼዮ፣ ማለትም ለዩኒቨርሲቲ በሚያዘጋጀው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ የጣሊያንኛ ሥነ ጽሑፍ፣ ላቲን፣ ግሪክኛ፣ ታሪክና ፍልስፍና ለማስተማር እንዳይወዳደሩ ተከለከሉ። በሜይ 1927 ሙሶሊኒ ባደረገው ንግግር የጣሊያን ሕዝብ ከ40 ሚሊዮን ወደ 60 ሚሊዮን እንዲያድግ ጠየቀ፤ ያላገቡ ወንዶች ግብር ተጣለባቸው። በ1930 የወጣው የሮኮ የወንጀል ሕግ ፅንስ ማስወረድን «በዘር ላይ የሚፈጸም ወንጀል» ብሎ መደበው። ሚስት አንድ ጊዜ ብታመነዝር እስራት ይጠብቃት ነበር፤ ባል ግን የሚቀጣው ውሽማውን በቤቱ ወይም በሌላ ቦታ በይፋ ካስቀመጠ ብቻ ነበር። በዚያው ሕግ አንቀጽ 587 ሚስቱን፣ ልጁን ወይም እህቱን በዝሙት ደርሶባት በንዴት ለ«ክብሩ» ብሎ የገደለ ወንድ ከ3 እስከ 7 ዓመት ብቻ ይታሰር ነበር።

በጎ የሚመስለውንም መደበቅ አይገባም። በዲሴምበር 1925 የተቋቋመው የእናቶችና የሕፃናት ብሔራዊ ድርጅት ለድሆች እናቶች ሐኪም፣ ወተትና ምግብ አቅርቧል፤ ያላገቡ እናቶችንም ረድቷል። ይህን የተቀበለች ድሃ እናት ልትወቀስ አይገባም። ነገር ግን እርዳታው ለእርሷ ሲባል የተሰጠ አልነበረም፤ የሚወለደው ወንድ ልጅ ለወታደርነት ይፈለግ ነበር። ከ1933 ጀምሮ በገና ዋዜማ «የእናትና የሕፃን ቀን» ሲከበር ብዙ የወለዱ እናቶች ከየአውራጃው ወደ ሮም እየተጠሩ በሙሶሊኒ ፊት ይቀርቡ ነበር፤ የሚነገርላቸውም የልጆቻቸው ቁጥር ነበር። ያም ሁሉ ሆኖ የወሊድ መጠን ከመውረድ አልቆመም። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ከ1,000 ሰው 30 ገደማ የነበረው በ1930ዎቹ አጋማሽ ወደ 23 ወረደ። ሴቶቹ በምርጫ ሳጥን ያልተጠየቁትን በየቤታቸው መለሱ።

የገጠሩ ታሪክ ከዚህ ይለያል፤ እዚያ ነው የአገዛዙ ብልሃት የሚታየው። በ1933 ሬጂና ተሩዚ የምትባል፣ በወጣትነቷ ሶሻሊስት የነበረች መምህርት የገበሬ ሴቶችን የሚያሰባስብ ማኅበር መሠረተች፤ «ማሳዬ ሩራሊ» ይባል ነበር። ዶሮና ጥንቸል ማርባት፣ የጓሮ አትክልት ማልማት፣ ንብ ማነብ፣ ምግብ ሳይበላሽ ማቆየት ያስተምር፣ በቅናሽ ዘርና ጫጩት ያከፋፍል፣ ኤግዚቢሽንና ውድድር ያዘጋጅ ነበር። አባላቱ የራስ መሐረብና ምልክት ነበራቸው። ለብዙዎቹ ከመንደራቸው ወጥተው በባቡር የተጓዙት፣ ሮምንም ያዩት በዚህ ማኅበር ምክንያት ነው። ከዚያ በፊት ከቀሳውስትና ከግብር ሰብሳቢ በቀር ማንም አስታውሷቸው አያውቅም፤ ስለዚህ ብዙዎች ወደዱት፤ ያ ውዴታ የሐሰት አልነበረም። ማኅበሩ በሁለተኛ ዓመቱ ከመሥራቿ እጅ ወጥቶ በፓርቲው የሴቶች ፋሺዮ ሥር ገባ፤ በ1940ዎቹ መጀመሪያ አባላቱ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሆኑ። የእህል ዋጋ፣ የቀን ሠራተኛ ደመወዝ፣ የመሬት ነገር ግን በስብሰባው አይነሳም ነበር።

እንዲህ ያለ ማኅበር ሲያጋጥም የአባላቱን ብዛት መጠየቅ ምንም አይነግርም። መሪዋን የሚሾማት ማን ነው? ስብሰባ የሚጠራው፣ አጀንዳ የሚያወጣው ማን ነው? አባሏ እምቢ ብትል ምን ይደርስባታል? ማኅበሩስ መንግሥቱ ያልወደደውን አንድ ነገር ጠይቆ ያውቃል? የጣሊያን የሴቶች ማኅበራት በእነዚህ ጥያቄዎች ቢመዘኑ አባሎቻቸው በበዙ ቁጥር ክብደታቸው እየቀነሰ ሄዷል። ማኅበራቱ ወደ ሚሊዮን እየገሰገሱ ባሉበት በ1938 በመንግሥትም ሆነ በግል መሥሪያ ቤቶች የሴት ሠራተኛ ድርሻ ከመቶ 10 እንዳይበልጥ ታወጀ። ከእነዚያ ማኅበራት አንዱ እንኳ ተነሥቶ አልተቃወመም። እንዴትስ ይቃወም?

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ ታሪክ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም። ሙሶሊኒ በኦክቶበር 1935 አገራችንን ከወረረ በኋላ የመንግሥታቱ ማኅበር በኖቬምበር 18 ማዕቀብ ጣለ። ልክ በወሩ፣ ዲሴምበር 18 ቀን 1935፣ «የእምነት ቀን» በተባለው በዓል የጣሊያን ሴቶች የጋብቻ ቀለበታቸውን ለጦርነቱ እንዲሰጡ ተጠሩ። በሮም በአባት አገር መሠዊያ ፊት ንግሥት ኤሌና ቀድማ የራሷንና የንጉሡን ቀለበት ሰጠች፤ የሙሶሊኒ ሚስት ራኬሌም ሰጠች፤ ሌሎች ሴቶች ተሰልፈው ተከተሉ። በምትኩ የብረት ቀለበት ይሰጣቸው ነበር፤ ጳጳሳት ባርከውታል። የዘመኑ ዘገባ በሮም ብቻ 250,000 ገደማ ቀለበት እንደተሰበሰበ ይናገራል። ያልሰጠች ሴት በጣቷ ትታወቅ ነበርና ርካሽ ቀለበት ገዝተው ሰጥተው የራሳቸውን የደበቁ ነበሩ። በእንባና በፍቅር የሰጡት ግን ይበዛሉ። በሕይወታቸው አንድም ጊዜ ያላማከረቻቸው አገር በአደባባይ አንድ ነገር ስትጠይቃቸው ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ከዚያ ቀን በአምስተኛው ቀን፣ ዲሴምበር 23፣ በተከዜ ወንዝ አጠገብ በራስ እምሩ ሠራዊት ላይ የመርዝ ጭስ ከአውሮፕላን ተጣለ። በዚያው ዘመን በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር በእቴጌ መነን ጠባቂነትና በልዕልት ፀሐይ ትጋት የቁስል መጠቅለያና የመርዝ መከላከያ ጭንብል ይሰፋ ነበር። የጣሊያን ጋዜጦች ስለ መርዙ አልጻፉም፤ ቀለበቷን የሰጠችው ሴት አታውቅም ነበር ሊባል ይችላል። ጦርነት መሆኑን ግን ታውቅ ነበር። ተበድላለች፤ በበደልም ተሳትፋለች። አንዱን ብቻ መናገር ሌላውን መዋሸት ነው። ፋሺዝም መብቷን ከነጠቃት በኋላ የሰጣት ማካካሻ የሌላ አገር ሴት ልጇ ሲገደልባት የድል ተካፋይ መሆንን ነበር።

ድሉ ከተገኘ በኋላም ሥራ አላጡላትም። በኤፕሪል 1937 የወጣ ድንጋጌ ጣሊያናዊ ወንድ በቅኝ ግዛት ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከ1 እስከ 5 ዓመት እንዲታሰር አደረገ። ያን ጊዜ የሴቶች ፋሺዮዎች ወጣት ሴቶችን ለቅኝ ግዛት ኑሮ የሚያዘጋጅ ኮርስ ከፈቱ፤ ጣሊያናዊቷ ወደ አፍሪቃ ሄዳ የ«ዘሩን ክብር» በቤቷ እንድትጠብቅ።

ለአገዛዙ ቅርብ መሆንም መጠጊያ እንዳልሆነ በማርጌሪታ ሳርፋቲ ታየ። የሥነ ጥበብ ሐያሲ፣ የሙሶሊኒ ፍቅረኛ፣ የሕይወት ታሪኩንም ጽፋ በዓለም ያስተዋወቀችው እርሷ ነበረች። አይሁዳዊት ነበረችና በ1938 የዘር ሕግ ሲወጣ አገር ጥላ ተሰደደች። በአንጻሩ እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት ገና በ1932፣ ፋሺስቶች የገደሉት የምክር ቤት አባል የማቴዮቲ ሚስት በጥበቃ ሥር ስትጨነቅ፣ የሚሟገትላት የሴቶች ኮሚቴ አቋቁማለች፤ በሜይ 1936 ደግሞ ስለ ኢትዮጵያ የሚጮኽ ጋዜጣ መሠረተች። ለሴት ድምፅ ስትታገል የታሰረች ናትና ድምፅ የሌለው ሰልፍ አላታለላትም።

የአገዛዙ ሕግ በጦርነት ጊዜ ራሱን አፈረሰ። በ1940 ወንዶቹ ሲዘምቱ የ10 በመቶው ገደብ ላልቶ ሴቶች ወደ ቢሮ ተጠሩ። ዳቦ ሲጠፋና ቦምብ ሲዘንብ ያ ሁሉ ሚሊዮን አባል ሙሶሊኒን ለማዳን አልተነሣም፤ በጁላይ 1943 ሲወድቅ ማኅበራቱ አብረውት ፈረሱ። ጥቂት ሺህ ሴቶች ሙሶሊኒ ከውድቀቱ በኋላ በጀርመኖች ድጋፍ በሰሜን ባቆመው የሳሎ መንግሥት የደንብ ልብስ ለብሰው እስከ መጨረሻው አገለገሉ። ሌሎች በኖቬምበር 1943 በሚላኖ «የሴቶች መከላከያ ቡድኖች»ን መሥርተው ለአርበኞች መልእክት፣ ምግብና መሣሪያ በብስክሌት አመላለሱ፤ የተያዙት ተገረፉ፣ ተገደሉ። እነዚህ ተሹመው ወይም ተመዝገቡ ተብለው የመጡ አልነበሩም።

የጣሊያን ሴቶች በፌብሩዋሪ 1945 የምርጫ መብት አገኙ። ጁን 2 ቀን 1946 ሪፐብሊክ ወይስ ንጉሥ ተብለው ተጠየቁ፤ ሕገ መንግሥት ለሚያረቀው 556 አባላት ላሉት ጉባኤም 21 ሴቶች ተመረጡ። ከእነርሱ አንዷ ሊና ሜርሊን በ1926 ለፋሺዝም አልምልም ብላ ከመምህርነት የተባረረች፣ ወደ ሰርዴኛም በግዞት የተላከች ነበረች። ዜጎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ናቸው በሚለው አንቀጽ 3 ውስጥ «በፆታ ሳይለይ» የሚለው እንዲገባ አጥብቃ የተከራከረችው እርሷ ናት። ገባም። የሮኮ ሕግ አንቀጽ 587 ግን ከአዲሱ ሕገ መንግሥት ጋር ጎን ለጎን መኖሩን ቀጠለ፤ የተሰረዘው በ1981፣ ሜርሊን ከሞተች ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።