አንድ ንጉሥ፣ ሁለት ትዝታ



በየዓመቱ የካቲት 23 ቀን የዓድዋ ድል በመላ አገሪቱ ይከበራል። በዚያ ዕለት፣ በአሰላም ይሁን በሌላው የአርሲ ደጋ፣ በአንድ ወንበር ጎን ለጎን ተቀምጠው ከሚያስቀድሱ ሁለት ምእመናን አንዱ የዐፄ ምኒልክን ስም ሲሰማ ልቡ በኩራት ይሞላል፤ ሌላው ከአያቱ አፍ የሰማውን ኀዘን ያስታውሳል። ሁለቱም ስለ ጉዳዩ ሳይነጋገሩ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ዝምታቸው ሰላም ቢመስልም ሰላም አይደለም። ስለዚህ አንድ ጥያቄ በግልጽ ማንሳት ተገቢ ነው፦ ግፍን የተቃወመ ሰው ራሱ ግፍ ፈጽሞ ሲገኝ እንዴት ልናስታውሰው ይገባል?

አስቀድመን ታሪኩን እንመልከት። ዐፄ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. በሸዋ ተወለዱ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1848 ዓ.ም. ሸዋን ሲይዙ ገና በልጅነታቸው ተማረኩ፤ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው የአባታቸውን አልጋ ያዙ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር የውጫሌን ውል ተዋዋሉ። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከፈለጉ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል ለመነጋገር እንደሚችሉ ሲገልጥ፣ በኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አድርጎት ተገኘ። ኢጣልያም ይህን ይዛ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ስትል ለዓለም አስታወቀች። ዐፄ ምኒልክ ያልተስማሙበትን ነገር እንደ ተስማሙ ተደርጎ መነገሩን አልተቀበሉም። ውሉን ሻሩት፤ ጦርነቱም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ በድል ተፈጸመ። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው ውል ኢጣልያ የኢትዮጵያን ነጻነት ያለ አንዳች ገደብ አወቀች።

የዚህን ድል ትልቅነት ለመረዳት በዚያው ዘመን በሌላው ዓለም የሆነውን ማየት ይበቃል። በሩቅ ምሥራቅ የቬትናሙ ወጣት ንጉሠ ነገሥት ሃም ንጊ ለፈረንሳይ አንገዛም ብለው እ.ኤ.አ. በ1885 ከመዲናቸው ወጥተው ወደ ተራሮች ገቡ፤ በ1888 ግን ተይዘው ወደ አልጄሪያ ተጋዙ፤ እዚያው በስደት እንዳሉም በ1944 ዐረፉ። ይሁን እንጂ የእኚሁ ንጉሥ ቅድመ አያት ሚን ማንግ እ.ኤ.አ. በ1832 የጎረቤታቸውን የቻምፓን ሕዝብ የመጨረሻ ግዛት ወደ መንግሥታቸው ጠቅልለው ነበር። የተዋጠው መንግሥት ራሱም የዋጠው ሕዝብ ነበረው።

በእኛም አገር ታሪኩ ከዚህ የራቀ አይደለም። ዓድዋ ከመሆኑ ዐሥር ዓመት ቀደም ብሎ የሸዋ ጦር ወደ አርሲ ዘምቶ ነበር። ዘመቻው ለዓመታት ቆየ፤ የአርሲ ሕዝብ በፈረስ፣ በጦርና በጋሻ አገሩን ተከላከለ። በመጨረሻ በ1878 ዓ.ም. በአዙሌ ጦርነት፣ በንጉሡ አጎት በራስ ዳርጌ የሚመራው ጦር በጠመንጃ ኃይል አሸነፈ። በሄጦሳ በአኖሌ ስለ ተቆረጡ እጆችና ጡቶች ሽማግሌዎች ሲተርኩ ኖረዋል፤ በ2006 ዓ.ም. በዚያው ሥፍራ የመታሰቢያ ሐውልት ቆሟል። የታሪክ ጸሐፊዎች በዝርዝሩ ቢከራከሩም፣ ብዙ ሕዝብ እንዳለቀና ባለርስቱ በገዛ መሬቱ ላይ ገባር እንደ ሆነ አከራካሪ አይደለም። ይህ የመሬት ሥርዓት የተሻረው በየካቲት 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። በአዙሌ የአርሲን ፈረሰኛ የጣለው ከአውሮፓ የመጣ ጠመንጃ ነበር፤ በዓድዋ የአውሮፓን ጦር የመለሰውም ከአውሮፓ የመጣ ጠመንጃ ነበር።

እንግዲህ ምን እንበል? አንዳንዱ ዓድዋን አንሥቶ አዙሌን ይሸፍናል። ሌላው አዙሌን አንሥቶ ዓድዋን ያቃልላል። ሦስተኛው ሁለቱን በሚዛን አስቀምጦ፣ በጎው ክፉውን አጣፍቶታልና ተዉት ይላል። ሦስቱም መንገዶች ትክክል አይመስሉንም። ሞት በድል አይከፈልምና፤ የአንዱ ወገን ነጻ መውጣትም ለሌላው ወገን ቁስል መድኃኒት አይሆንም።

ይልቁንስ ዓድዋ ራሱ የሚያስተምረንን እንጠይቅ። ዐፄ ምኒልክ የውጫሌን ውል የሻሩት፣ ማንም ሕዝብ ባልተስማማበት ነገር በኃያል እጅ ሊገዛ አይገባውም በሚል እውነት ላይ ቆመው ነው። ይህ እውነት በዓድዋ እውነት ከሆነ በአዙሌም እውነት ነበር። የአርሲም ሕዝብ አልተስማማም ነበርና። ስለዚህ አዙሌን የሚፈርደው የውጭ ሰው ወይም የኋላ ዘመን አሳብ ሳይሆን ዓድዋ ራሱ ነው። ዓድዋን ከልቡ የሚያከብር ሰው የአርሲን ለቅሶ ሊንቅ አይችልም፤ ለአዙሌ ሙታን የሚያለቅስም በዓድዋ የወደቁትን፣ ከእነርሱም መካከል ብዙ የኦሮሞ ፈረሰኞችን፣ ሊረሳ አይገባውም።

«የዘመኑ ልማድ ነው፤ ሁሉም ነገሥታት እንዲሁ አገር ያቀኑ ነበር» የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል። የዘመኑን ልማድ ማወቅ መልካም ነው፤ ሰውን ለመረዳት ይጠቅማልና። ነገር ግን በአዙሌ የወደቁትም የዚያው ዘመን ሰዎች ነበሩ፤ የተፈጸመባቸው ግፍ መሆኑን ለማወቅ የእኛን ዘመን አልጠበቁም።

«የአባቶች በደል በልጆች ላይ አይቆጠርም» የሚልም ይኖራል። ይህ እውነት ነው። ከአንድ መቶ ዓመት በፊት ስለ ተፈጸመ ነገር ዛሬ በአንድ ሰፈር አብረውን ከሚኖሩት ማንንም በደለኛ ልንል አንችልም። ሆኖም የአባቱን ክብር እንደ ርስት የሚቀበል ሰው፣ ስለ አባቱ የሚነገረውን እውነት የመስማት ግዴታንም አብሮ ይወርሳል። ቅዱስ መጽሐፍ ዳዊትን ታላቅ ንጉሥ ብሎ ሲያከብር በኦርዮ ላይ ያደረገውን አልደበቀም፤ የናታንንም ተግሣጽ ከዳዊት ድሎች ጋር ጽፎ አቆየልን። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም በ1992 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም ወራት የቤተ ክርስቲያን ልጆች ባለፉት ዘመናት ስለ ፈጸሙት በደል በአደባባይ ይቅርታ ሲለምኑ፣ የቤተ ክርስቲያን ክብር በዚህ አልተቀነሰም።

የአርሲ ባህልም ለዚህ መንገድ እንግዳ አይደለም። እናቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በተጣሉ ወገኖች መካከል ሲቆሙ ጠብ ይቆማል። ጠብ መቆሙ ግን ገና ዕርቅ አይደለም፤ በጉማ ሥርዓት በደል ታምኖ ካሳም ተሰጥቶ ነው ዕርቅ የሚፈጸመው። እኛ እስከ ዛሬ ጠቡን በዝምታ አቁመን ይሆናል፤ እውነቱን አብሮ መናገር ግን ይቀረናል።

ስለዚህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ሕፃናት ስለ ዓድዋ ሲጠይቋችሁ በደስታ ንገሯቸው፤ ስለ አዙሌም ሳትደብቁ ንገሯቸው። የአንዱ ልጅ አያት በኩራት፣ የሌላው ልጅ አያት በእንባ የሚያስታውሱት ንጉሥ አንድ ሰው መሆኑን አስረዷቸው። እናንተም ምእመናን፣ በሚመጣው የካቲት 23 ቀን አጠገባችሁ የተቀመጠውን ወንድማችሁን፣ በቤቱ ይህ ቀን እንዴት እንደሚታሰብ ጠይቁት፤ ሳትመልሱለትም እስኪጨርስ ድረስ ስሙት።