ቁልፉን እዚያ ያኖረው ማን ነው?

የአክስቴ ልጅ ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች። ባለፈው ዓመት ለእረፍት መጥታ አንድ ምሽት ጎን ለጎን ተቀምጠን በስልኳ የቀጥታ ሥርጭት እናያለን። ሁለት ሰዎች ማን ብዙ ስጦታ እንደሚሰበስብ ይፎካከራሉ፤ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቆጥራል። ጥቂት ሴኮንዶች ሲቀሩ የስጦታው ሥዕል ልክ አውራ ጣቷ ከሚያርፍበት ቦታ ብልጭ አለ። ነካችው። ደግማ ነካችው። ስሟ በደማቅ ቀለም ሲያልፍ ሳቀች። ጠዋት ብታሰላው የአሥራ አምስት ቀን ደመወዟ ሆኖ ተገኘ።

«ብር መስሎ አልታየኝም እኮ!» አለችኝ።

ልቆጣት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። እኔስ አዝማሪ ቤት በስሜ ሲገጠምልኝ ግንባሩ ላይ ብር ለጥፌ አላውቅም? ብቻ (ለራሴ ጥብቅና መቆሜ ካልሆነ) ያን ብር ከኪሴ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ በጣቴ ዳብሼዋለሁ፣ የኪሴም መሳሳት ተሰምቶኛል። የእሷ ገንዘብ ግን አስቀድሞ ወደ «ሳንቲም» ተለውጧል፤ ሳንቲሙ ደግሞ ወደ አበባ።

«ማንም እጇን አልያዘም፤ ፈቃዷ ነው» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ አልያዘም። ግን አንድ ሰው እጇ የሚያርፍበትን ቦታ፣ ልቧ የሚቸኩልበትን ሴኮንድ አጥንቶ ነገሩን እዚያ ካኖረው ፈቃዱ የእሷ ብቻ ነውን? እኔ የሁለቱም ነው ባይ ነኝ፤ እሷ ድርሻዋን ከፍላለች።

መቼም ቦታ መምረጥ ለንድፍ አውጪ እንጀራው ነው። ትዊች የተባለው የአሜሪካ የቀጥታ ሥርጭት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ተመልካች የሚሳተፍባቸውን ተቀጥላዎች ሲፈቅድ ስፍራቸውን ለይቶ ነበር፤ ከምስሉ ግርጌ የሚቀመጥ አለ፣ ምስሉን ሁሉ እንደ ስስ መጋረጃ የሚለብስም አለ። ግርጌ ያለው የፈለገው እስኪመጣ ይጠብቃል። መጋረጃው ግን ራሱ ዓይናችን ድረስ ይመጣል። መምጣቱ በራሱ ክፉ አይደለም፤ በካርታ ጨዋታ ሥርጭት ላይ ካርታውን ሲያመለክቱት ምንነቱን የሚነግር ተቀጥላ ከዚያ የተሻለ ቦታ የለውም። ለማስረዳት የመጣ ይምጣ። ገንዘብ ፈላጊው ግን ግርጌ ሆኖ፣ ዋጋውንም በአበባ ሳይሆን በገንዘብ ጽፎ ቢጠብቅ ምን ይጎድልበታል?

ከመመለሷ በፊት ያን ስጦታ መስጫ እንድዘጋላት ለመነችኝ። ለመስጠት አንድ ንክኪ የበቃት ልጅ መዝጊያውን ፍለጋ ከእኔ ጋር ከገጽ ገጽ ስትንከራተት፣ አቦል ላይ የጀመርነውን በረካ ላይ አገኘነው።