ጥፋቱ የዓሣዋ ነውን?

በደቡብ ሕንድ በኬረላ ወንዞች የምትገኝ፣ ርዝመቷ ከ3 ሳንቲሜትር እምብዛም የማያልፍ፣ በደነገጠች ጊዜ ሆዷን እንደ ፊኛ የምትነፋ ድንክ ዓሣ አለች፤ ስሟም ፐፈርፊሽ ይባላል። ሁለቱን ዓይኖቿን ለየብቻ ስታዞር ያየ ሰው መውደዱ አይቀርም፤ እኛም ወደድናትና 40 ሊትር ውሃ በሚይዘው የዓሣ ማኖሪያ መስታወታችን ውስጥ ከሌሎች ዓሦች ጋር ጨመርናት። ሳምንት ሳይሞላ የባልንጀሮቿን ክንፍ ነካክሳ ቦጫጨቀችው።

እንግዲህ መስታወቱን ወንፊት በመሰለ ግርዶሽ ለሁለት ከፈልነው። ከዚያም በኋላ «ክፉ ናት» ስንል ራሳችንን ሰማን። ነገር ግን ክፉ የሚባለው ሌላ መንገድ እያለው መጉዳትን የመረጠ አይደለምን? እርሷ የቀንድ አውጣ ቅርፊት የምትሰብርበትን ጥርስ ይዛ ተፈጠረች፤ ጎረቤቶቿን የመረጥንላት፣ ስፍራውንም ያጠበብንባት እኛ ነን።

ወንፊቱ ፍርድ ይመስላል፤ ሆኖም ጥርስን ይከለክላል እንጂ እድፍን አይከለክልም፤ ውሃው አንድ ነውና የአንዱ ወገን ጉድፍ ለሌላው ይተርፋል። ከዚህም በቀር የተበደሉት ዓሦች ምንም ሳያጠፉ የመዋኛቸውን እኩሌታ አጥተዋል። ክንፋቸው ግን እንደ ገና እየበቀለ ነው። ሰፋ ያለ መስታወት እስክንገዛ ድረስ ውሃውን ከቀድሞው ይልቅ ቶሎ ቶሎ እንለውጣለን፤ ይህንንም የምናደርገው እንደ ባለ ዕዳ ነው።