ደመናውን አይተን ምን አደረግን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የዛሬው ትምህርታችን መነሻ የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ከቁጥር 54 እስከ 56 ያለው ነው። ጌታችን በዚያ ስፍራ ሕዝቡ የሰማዩን መልክ አይቶ ዝናቡንና ሙቀቱን አስቀድሞ እንደሚያውቅ ይናገርና፣ የቆመበትን ዘመን ግን ሳያስተውል በመቅረቱ ይገሥጸዋል። ልብ እንበል፤ ሰማዩን በማየታቸው አልወቀሳቸውም። የወቀሳቸው ከማየት አልፈው ባለመሄዳቸው ነው።

አሁን በአገራችን ክረምት ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ድረስ ዘመነ ክረምት ብላ ትጠራዋለች፤ በውስጡም መብረቁና ነጎድጓዱ የሚታሰብበት ጊዜ አለው። እኛ ግን ጅዳ ላይ ሙቀቱ ሲያቃጥለን ክረምት የሚባል ነገር የረሳን ይመስለናል። ከከተማው በስተምሥራቅ ወዳሉት የሂጃዝ ተራሮች የተመለከተ ግን ሌላ ነገር ያያል። ፀሐይ ተራራውን ስታግለው ከቀይ ባሕር የመጣው እርጥብ አየር ሽቅብ ይወጣል፤ ከቀትር በኋላ ነጭ ደመና እንደ ግንብ ይቆማል፤ ወደ ማታ ነጎድጓድ ይሆናል። በጣኢፍ ከፍታዎች፣ በሀዳና በሸፋ፣ በዚህ ወቅት የተለመደ ነው።

ይህን ደመና በፍቅር የሚከታተሉ ሰዎች በዚህ አገር ብዙ ናቸው። በስልካቸው የራዳር ምስል ያያሉ፣ መኪና ይዘው ተራራ ይወጣሉ፣ መብረቁን ቀርጸው ያሰራጫሉ። ከእኛም ልጆች መካከል ይህን የሚወዱ አሉ። የእግዚአብሔርን ሥራ ማድነቅ ኃጢአት አይደለም፤ ኢዮብም ስለ ደመናውና ስለ መብረቁ ከፈጣሪው ሰምቶ አፉን በእጁ ይዟል። ጥያቄው ካየን በኋላ ምን እናደርጋለን የሚለው ነው።

ነሐሴ 16 ቀን 2015 ዓ.ም ማክሰኞ ነበር። የፍልሰታን ጾም ፈትተን የእመቤታችንን ዕርገት ባከበርንበት በዚያ ቀን ምሽት መካ ላይ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ የሚነፍስ ነፋስ ከዝናብ ጋር ወረደ። ሰዎች በነፋሱ ሲወድቁ፣ መብረቅም የሰዓት ማማውን ጫፍ ሲመታ የሚያሳየው ቪዲዮ ዓለምን ዞረ። እንዲህ ያለ ቪዲዮ እጃችን ሲገባ ጠላት የሚያቀርብልን ፈተና አለ፤ «ቁጣ ወረደባቸው» የሚል ቃል ጨምሮ ማስተላለፍ። ወገኖቻችን፣ ይህን አናድርግ። ከዚያ ቀደም ጳጉሜን 6 ቀን 2007 ዓ.ም፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ በዚያው በመካ በማዕበሉ ነፋስ ትልቅ ክሬን ወድቆ ከ100 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ጌታችን ስለ ሰሊሆም ግንብ ሲናገር ግንቡ የወደቀባቸው 18 ሰዎች ከሌላው ይልቅ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ አስተምሮናል (ሉቃ. 13፥4-5)። ትምህርቱን ያዞረው በሕይወት ወዳሉት ነው፤ ንስሐ ግቡ ብሎ። ዝናቡን ለጻድቁም ለበደለኛውም የሚያወርድ አባት ልጆች ከሆንን በሰው ሞት ላይ አንፈርድም፤ እናዝናለን፣ እንጸልያለን።

ታዲያ ደመናን እንዴት እንይ? ከነቢዩ ኤልያስ እንማር (1ኛ ነገ. 18፥41-46)። ሦስት ዓመት ከስድስት ወር ከደረቀው ሰማይ በታች ኤልያስ በቀርሜሎስ ራስ ላይ ተደፍቶ ይጸልይ ነበር። ብላቴናውን ወደ ባሕሩ እንዲመለከት ሰባት ጊዜ ላከው። በሰባተኛው የሰው እጅ የምታህል ትንሽ ደመና ታየች። ኤልያስ በእርሷ ሲደነቅ አልቆመም፤ ወዲያው ወደ አክዓብ ላከ፤ ዝናቡ ሳያግደው ሠረገላውን አስነሥቶ እንዲወርድ። አክዓብ ማን ነበር? የኤልያስ አሳዳጅ ነበር። ነቢዩ ጸለየ፣ ተመለከተ፣ ያየውንም ለሚጠላው ሰው ሳይቀር ነገረ።

ይህ ለእኛ ቅርብ ነው። የአየር ሁኔታ ማእከሉ ማስጠንቀቂያውን በቢጫ፣ በብርቱካናማና በቀይ ቀለም እየለየ ያወጣል፤ ጽሑፉ ግን ዐረብኛ ነው። ማንበብ የማትችል እኅታችን በሰው ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ናት፤ ወንድማችን ምድር ቤት ውስጥ ተኝቷል። ዐረብኛ የምታነቡ ልጆች ሁለት መስመር በአማርኛ ጽፋችሁ ብትልኩ አገልግሎት ነው። የምታገለግይባት ማዳም ክፉ ብትሆንብሽም፣ ልጆቿን ወደ ዋዲ ይዘው እንዳይወጡ ንገሪያት፤ ኤልያስ ለአክዓብ ነግሯልና።

ረቡዕ ኅዳር 16 ቀን 2002 ዓ.ም ጅዳ ላይ በአራት ሰዓት ገደማ ከ90 ሚሊ ሜትር በላይ ዘነበ። ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ። ክፉኛ የተጎዳው የጎርፍ መውረጃ ላይ የተሠራው ቁወይዛ የሚባለው ሰፈር ነበር። በዚያ ቀን ፈርማን አሊ ካን የተባለ፣ ከፓኪስታን ለእንጀራ የመጣ ሰው፣ ወደ ጎርፉ ደጋግሞ እየገባ 14 ሰዎች አወጣ፤ ሌላ ሰው ሊያወጣ ሲገባ ውኃው ወሰደው። እርሱም እንደ እኛ ስደተኛ ነበር፤ ያወጣቸውን ሰዎች ዜጋቸውን አልጠየቀም። ጌታችን በመንገድ ለወደቀው ሰው ባልንጀራ የሆነው ከሌላ ወገን የሆነው ሳምራዊ ነው ብሎ ሲያስተምር እንዲህ ያለውን ሰው አሳይቶናል (ሉቃ. 10)።

ከ13 ዓመት በኋላ፣ ጾመ ነቢያት በገባበት በኅዳር 15 ቀን 2015 ዓ.ም፣ በደቡብ ጅዳ በስድስት ሰዓት ውስጥ 179 ሚሊ ሜትር ዘነበ። ዝናቡ ከፊተኛው በረታ፤ የሞቱት ግን ሁለት ሰዎች ናቸው። በመካከል ቦዮችና ግድቦች ተሠርተው ነበር፣ ትምህርት ቤቶችም በዚያ ቀን ተዘግተው ነበር። የሁለት ሰው ነፍስም ነፍስ ናት። ነገር ግን መዘጋጀት ምን እንደሚያድን እንይበት።

ዋዲ ለዓመታት ደረቅ ሆኖ ሜዳ ይመስላል። ሰው ይለምደዋል፣ ቤት ይሠራበታል። ጎርፉ ግን መንገዱን አይረሳም። ጌታችን በአሸዋ ላይ ስለተሠራው ቤት ሲናገር (ማቴ. 7፥24-27) በበጋ ሁለቱ ቤቶች እንደማይለያዩ እናስተውል። የእኛ ዋዲ የትኛው ነው? «አገሬ ስገባ ንስሐ እገባለሁ» የምንለው ነው። «ብር ስይዝ፣ ቤት ስሠራ፣ ያኔ እጾማለሁ፣ ያኔ ከዚህ ሕይወት እወጣለሁ» የምንለው ነው። ከአገር ከወጣን ጀምሮ ለንስሐ አባታችን ያልደወልን ስንቶቻችን ነን? ዓመቱ ደርቆ ሲያልፍ አደጋ የሌለ ይመስላል።

መብረቅ ሲበርቅ ብርሃኑ ቀድሞ ይታያል፤ ነጎድጓዱ ዘግይቶ ይሰማል። በመካከል ሦስት ሴኮንድ ያህል ከቆጠርን መብረቁ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቀናል፤ ቁጥሩ ሲያንስ እየቀረበ ነው። ያቺ የምንቆጥርባት ጊዜ ወደ ቤት የምንገባባት ናት። የንስሐ ዕድሜም እንዲሁ ነው፤ ቃሉን ከሰማንበት እስከምንጠራበት ያለው ጊዜ ለመግባት የተሰጠን ምሕረት ነው።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ይህን እናድርግ። ነጎድጓድ ሲሰማ ከጣሪያ እንውረድ፤ ለቪዲዮ ብለን ወደ ዋዲና ወደ ድልድይ ሥር አንሂድ፤ ውኃ ውስጥ ከቆመ የመብራት ምሰሶ እንራቅ። በመካ አውራጃ ለአደጋ የሚደወለው 911 መሆኑን ለማያውቁት እንንገር። ኢቃማ የለኝም ብሎ ፈርቶ ምድር ቤት የሚቀር ወንድም ካለ፣ ሰማዩ ሳይጠቁር ከፍ ባለ ፎቅ ማደሪያ እናዘጋጅለት። ስልኳ የተዘጋባትን እኅት ስሟን በጸሎት እንጥራ። ለንስሐ አባታችንም ዛሬ እንደውል።

ባሕሩንና ነፋሱን ገሥጾ ጸጥ ያደረገ መድኃኔዓለም በስደት ያለውን ሕዝቡን ከጎርፍና ከመብረቅ ይሰውር፤ የሞቱትን ነፍስ ይማር፤ ያስተማረንንም በልባችን ያሳድርብን። የእመቤታችን ምልጃ አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።