መትረፍና መዳን

በቋንቋችን «ተረፈ» እና «ዳነ» የሚባሉ ሁለት ቃሎች አሉ። በዘወትር ንግግራችን አንዱን በሌላው ፈንታ እየለዋወጥን እንናገራቸዋለን፤ ዳሩ ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም። ጎርፍ ወስዶት ከዳር የጣለው ሰው ተርፏል፤ ዳነ ለመባል ግን ትንፋሹ ሊመለስለት፥ ልብሱ ሊደርቅለትና በእግሩ ወደ ቤቱ ሊገባ ያስፈልጋል። ሞት ያልወሰደውን ሁሉ ጤና መልሶ ተቀብሎታል ማለት አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው የፈለግሁት ጥያቄ ከዚሁ ልዩነት የሚነሣ ነው። ከወረርሽኝ በሽታ የተረፈና ነገር ግን ያልዳነ ሰው፥ ራጅም ሆነ የደም ምርመራ ሕመሙን ሳያሳይለት «ታምሜአለሁ» ባለ ጊዜ፥ የሚሰማው ሰው ምን ዕዳ አለበት?

ጥያቄው በንባብ የመጣብኝ አይደለም። በምሠራበት መሥሪያ ቤት የሠራተኞች የሕመም ፈቃድ ወረቀትና የፊርማ መዝገብ በእኔ እጅ ያልፋል። በ2013 ዓ.ም. ከመዝገብ ቤት ባልደረቦቻችን አንዱ፥ በዕድሜ ዐሥር ዓመት ያህል የሚበልጡኝና «ጋሼ» እያልሁ የምጠራቸው ሰው፥ በኮሮና ቫይረስ ተይዘው ሦስት ሳምንት ተኙ። ሆስፒታል ሳይገቡ በቤታቸው ቆዩ፤ በኋላም ምርመራው «ነፃ» አላቸውና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ሁላችንም «እንኳን እግዚአብሔር ማረዎ» አልናቸው፤ ነገሩም በዚሁ ያለቀ መሰለን።

ጋሼ ቀድሞ ከዋናው ፖስታ ቤት በኩል በእግራቸው ተነሥተው የቸርችልን ጎዳና ዳገት ያለ አንዳች ዕረፍት ወጥተው ፒያሳ ይደርሱ ነበር። ከሕመማቸው በኋላ ግን ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ሳያርፉ ማለፍ አቃታቸው። በዚያ የቆመውን የሴባስቶፖልን መድፍ ምስል እያዩ፥ «ዐፄ ቴዎድሮስ መድፋቸውን መቅደላ ላይ ለማውጣት የሚጎትትላቸው ሠራዊት ነበራቸው፤ እኔ ይህን ሥጋዬን የምጎትተው ብቻዬን ነው» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ቀልዱን እንወደው ነበር፤ እንደ ቀልድም ብቻ ሰማነው። የፋይል ቁጥር መዝገብ ሳይገልጡ በቃላቸው ይናገሩ የነበሩት ሰው፥ ፋይሉን በእጃቸው ይዘው ለምን እንዳወጡት ይረሱ ጀመር።

ወደ ጤና ጣቢያ ሄዱ። ከዚያ የሪፈር ወረቀት ተጽፎላቸው ወደ ሆስፒታል፥ ከሆስፒታልም ወደ ልዩ ሐኪሞች ተላለፉ፤ ቀጠሮ ከቀጠሮ እስኪደርስ ወራት አለፉ። የሳንባው ሐኪም ራጁን አይቶ ንጹሕ ነው አለ፤ የልቡ ሐኪም ልብዎ ደኅና ነው አለ፤ ደማቸውም ተመርምሮ ጉድለት አልተገኘበትም። ሐኪሞቹ ሁሉ በየክፍላቸው እውነቱን ተናግረዋል። ሰውየው ግን በየክፍሉ ጤነኛ እየተባሉ በጠቅላላው በሽተኛ ነበሩ።

ወረቀቱን እኔም አየሁት። ሰኞ ጠንክረው ሲሠሩ፥ ከሰውም ጋራ ሲሥቁ አይቻቸው ነበር፤ ረቡዕና ሐሙስ ቀሩ። እንዲህ ያለው ነገር በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ተደጋገመ። በስማቸው አንጻር «ያለ በቂ ምክንያት» ብዬ ጻፍሁ፤ የቀሩበትም ቀን ደመወዝ ተቆረጠባቸው። ሊጠይቁኝ በመጡ ጊዜ፥ «ጋሼ፥ ሰኞ ደኅና የነበረ ሰው ረቡዕ እንዴት ይታመማል?» አልኋቸው።

«ሰኞ ስለ ሠራሁ ነዋ፥ ወንድሜ» አሉኝ።

ማመካኛ መሰለኝ።

ስለዚህ ሕመም በኋላ የተረዳሁትን ባጭሩ ልጻፍ። የዓለም የጤና ድርጅት በመስከረም ወር 2014 ዓ.ም. ባወጣው ፍቺ መሠረት፥ በኮሮና ከተያዘ በኋላ ብዙ ጊዜ በሦስተኛው ወር ላይ የሚገኝ፥ ቢያንስ ሁለት ወር የሚቆይና በሌላ በሽታ ሊተረጐም የማይችል ድካም፥ የትንፋሽ ማጠርና የሐሳብ መደናገር ራሱን የቻለ ሕመም ነው። ድርጅቱ ከ100 ሕሙማን 6 ያህሉን እንደሚያገኛቸው ይገምታል። ምክንያቱ ገና በምርምር ላይ ነው፤ የቫይረሱ ቅሪት በሰውነት ውስጥ መቆየት፥ የሰውነት መከላከያ ኃይል በገዛ አካሉ ላይ መነሣት፥ የልብን ትርታና የደምን ዝውውር የሚያዙት ነርቮች መታወክ ከሚጠረጠሩት መካከል ናቸው። ሕመሙን ብቻውን የሚያረጋግጥ አንድ የደም ምርመራ የለም። ከምልክቶቹ ሁሉ ይልቅ ተመልካችን የሚያስተው ግን ይህ ነው፤ ብዙዎቹ ሕሙማን ከአቅማቸው በላይ በሠሩበት ቀን ሳይሆን፥ ከዚያ በኋላ በማግሥቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ይወድቃሉ። ጋሼ በአንድ ዐረፍተ ነገር የነገሩኝ ይህንኑ ነበር። እኔ የውሸታቸው ማስረጃ ነው ብዬ የያዝሁት፥ የበሽታው ዋና ምልክት ሆኖ ተገኘ።

ለዚህ ሕመም መጀመሪያ ስም ያወጡለት ሐኪሞች አይደሉም። ዛሬ ዓለም የሚጠራበትን «ሎንግ ኮቪድ» የሚለውን ስም በግንቦት 2012 ዓ.ም. የጻፈችው ኤሊሳ ፔሬጎ የምትባል ኢጣሊያዊት የቅርሳ ቅርስ ተመራማሪ ናት፤ እርስዋም ራስዋ ታማሚ ነበረች። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ድሬዳዋን ያስጨነቀው የቺኩንጉንያ በሽታ ስምም፥ ሕመሙ የጎበጠውን ሰው አይተው በታንዛንያ በማኮንዴ ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች የሰጡት ነው፤ ትርጓሜውም መጉበጥና መጣመም እንደ ማለት ነው። ትኩሳቱ በጥቂት ቀን ያልፋል፤ የመገጣጠሚያው ሕመም ግን በአንዳንዱ ሰው ላይ ወራት ይቈያል። ቃሉን ያወጣው ሰው የተመለከተው ቴርሞሜትሩን ሳይሆን የሰውን አካሄድ ነበር።

ስም የሌለው ነገር ደግሞ አይቈጠርም። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው በሽተኛ በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ በኋላ፥ በየዕለቱ የሚወጣውን መግለጫ ሁላችንም በጭንቀት እንጠብቅ ነበር፤ የተመረመሩ፥ የተያዙ፥ የሞቱ፥ ያገገሙ እያለ ይዘረዝር ነበር። በጠቅላላው ከ7 ሺህ 5 መቶ የሚበልጡ ሰዎች መሞታቸው ተመዝግቧል። ከዚህ የቀሩት ከሞላ ጐደል ሁሉ የተጻፉት «ያገገሙ» በሚለው ዐምድ ነው። ዐምዱን ያዘጋጁትን ሰዎች አልወቅስም፤ በዚያ ጭንቅ ጊዜ ሌላ ዐምድ ለመጨመር ማን ፋታ ነበረው? ነገር ግን ጋሼም የተቈጠሩት በዚያው ዐምድ ውስጥ ነው።

ከመቶ ዓመት በፊትም ነገሩ ከዚህ የተለየ አልነበረም። በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. ዓለምን የዞረው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባ ገባ፤ ሕዝቡም የኅዳር በሽታ አለው። በዚያን ዘመን የከተማይቱ ገበያ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በአራዳ ነበር፤ ከየአቅጣጫው የሚመጣው ሰው የሚገናኘውም እዚያው ነው። ቀባሪ ታጥቶ ብዙ አስከሬን በአንድ ጉድጓድ ተቀበረ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ለሞት ከደረሱ በኋላ ተረፉ፤ ኋላም በሕይወት ታሪካቸው በአዲስ አበባ ብቻ ከዐሥር ሺህ የሚበልጥ ሰው መሞቱን ጽፈዋል። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ደጃችንን ጠርገን ጥራጊውን የምናጤስበት «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ልማድም ከዚያ መቅሠፍት መታሰቢያ ጋራ ተያይዞ ይነገራል።

ሙታኑ እንዲህ መታሰቢያ አላቸው። ከተረፉት መካከል ያልዳኑትስ? በሌሎች አገሮች የነበሩ ሐኪሞች ከዚያ ኢንፍሉዌንዛ በኋላ ለወራትና ለዓመታት የቀጠለ ድካም፥ የእንቅልፍ ማጣትና የመንፈስ መጨለም ብዙዎችን እንደ ተከተላቸው ጽፈዋል። የአራዳ ሰው ከሌላው ዓለም የተለየ ሥጋ አልነበረውም። በ1912 ዓ.ም. ሸክሙን መሸከም ያቃተው የአራዳ ተሸካሚ፥ ማጠንጠኛዋን አንሥታ መልሳ የምታስቀምጥ ፈታይ እንደ ነበሩ አስባለሁ፤ ጎረቤትም «ሰነፈች»፥ «ቡዳ በላው» ሳይላቸው አልቀረም። ይህ ግምቴ ነው። በመዝገቤ ላይ «ያለ በቂ ምክንያት» ብሎ የጻፈ ሰው ግን ግምቱ ከየት እንደሚመጣ ያውቃል።

እንዲህ ያለው ፍርድ የመሃይም ብቻ እንዳይመስለን አንድ ምሳሌ ከሎንዶን ልጥቀስ። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1955 ዓ.ም. ሮያል ፍሪ በሚባለው ሆስፒታል ወደ ሦስት መቶ የሚጠጉ ሠራተኞች በአንድ ያልታወቀ በሽታ ተይዘው ሆስፒታሉ ለወራት ተዘጋ። ታማሚዎቹ ሐኪሞችና ነርሶች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ለረጅም ጊዜ ደከሙ። በ1970 ሁለት የአእምሮ ሐኪሞች የታመሙትን ሰዎች ሳይመረምሩ መዝገባቸውን ብቻ አገላብጠው፥ ነገሩ የጅምላ የመንፈስ መረበሽ ነው ብለው ጻፉ፤ ካቀረቡትም ምክንያት አንዱ ከታመሙት የሚበዙት ሴቶች መሆናቸው ነበር። ለእኛ ለጽሕፈት ቤት ሰዎች ይህ ታሪክ እንግዳ አይደለም። ሰውየው በር ላይ ቆሞ ሳለ በፋይሉ ላይ ስንወስን የኖርን ነንና።

መቸም ተቃራኒውን ወገን መስማት ይገባል። ታምሜአለሁ ያለ ሁሉ ይታመን ቢባል ሐኬተኛው በእውነተኛው ሕመምተኛ ጥላ ይሸሸጋል፤ የመሥሪያ ቤቱ ሥራም ይበደላል የሚል አለ። እውነት አለው። ሌላው ደግሞ ሐኪም ማመን ሳይሆን መጠራጠር አለበት ይላል፤ ድካምና ሳል ያለበትን ሰው ያለ ምርመራ «የኮሮና ቅሪት ነው» ብሎ የሚያሰናብት ሐኪም የሳንባ ነቀርሳን፥ የደም ማነስን ወይም የታይሮይድን ዕጢ በሽታ ሊያሳልፍ ይችላል። ይህም እውነት ነው፤ በአገራችንማ ይልቁንም የነቀርሳው ምርመራ ሊቀድም ይገባዋል። ይሁን እንጂ ሁለቱ ተቃውሞዎች ስለ ምርመራ እንጂ ስለ ፍርድ አይናገሩም። የማያምን ሰው ምርመራውን ባዶ ወረቀት ሲያገኝ ያቆማል፤ የሚያምን ሰው ግን ወረቀቱ ባዶ ስለ ሆነ ምርመራውን ይቀጥላል። ሐኬተኛውም ቢሆን የሚገለጠው በቀጠለ ምርመራ እንጂ በእኔ ብዕር አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው ሦስተኛው ተቃውሞ ነው። ሐኪሙ ጥቂት፥ አልጋው ጥቂት በሆነበት አገር የሚሞተው ሳይታይ የማይሞተው ለምን ይታያል? ኦክስጅኑ ለሚሞተው ይሁን፤ በዚህ የሚከራከር አይኖርም። ዳሩ ግን ያልዳነው ሰው ከሚጠይቀው አብዛኛው ከሚሞተው ሰው አፍ የሚነጠቅ አይደለም። «ልዩ ሕክምና» ስንል ትልቅ መሣሪያ ይመስለናል። ጋሼን በመጨረሻ የረዳቸው ሐኪም በአልጋ ላይ አጋድሞ የደም ሥራቸውን ምት ቈጠረ፤ ከዚያ አስነሥቶ ዐሥር ደቂቃ ያህል አቁሞ በየጊዜው እንደገና ቈጠረ፥ የደም ግፊታቸውንም ለካ። የደም ግፊቱ ሳይወርድ ምቱ ከ30 በላይ የጨመረ እንደ ሆነ፥ ልብን የሚያዙት ነርቮች እንደ ታወኩ ይጠረጠራል። የእሳቸው ከ30 አልፎ ጨመረ። ለዚህ የተፈለገው ሰዓት፥ የግፊት መለኪያና ጊዜ ነበር፤ ከሦስቱ ውድ የሆነው ጊዜው ነው፤ በበሩ ላይ ሰልፍ ቆሞ ሳለ ዐሥር ደቂቃ ለአንድ ሰው የሚሰጠው ያመነው ሐኪም ብቻ ነውና። መድኃኒቱም ቢሆን የሚያስደንቅ አልነበረም፤ ውሃ፥ የእግር ሹራብ፥ ይልቁንም ከአቅም በታች ሠርቶ ማረፍ።

ከፒያሳ ሽቅብ ስድስት ኪሎ ሲደርሱ ያለው የካቲት 12 ሆስፒታል ሲመሠረት ስሙ ቤተ ሳይዳ ነበር። በዐቢይ ጾም የመጻጉዕ ሰንበት የሚነበበው ታሪክ የተፈጸመባት መጠመቂያ ስም ነው። መጻጉዕ 38 ዓመት ተኝቷል፤ ውሃው ግን ሩቅ አልነበረም። ያጣው ወደ ውሃው የሚያወርደውን ሰው እንደ ሆነ ተናግሯል። ሆስፒታልን በዚህ ስም የሰየመው ሰው ምን አስቦ እንደ ሆነ እንጃ፤ እኔ ግን በዚያ በር ባለፍሁ ቍጥር የሪፈሩን ወረቀት አስባለሁ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንላለን። ጋሼ አልደበቁም። የነገሩት ሰው መዝገብ ይዞ የተቀመጠው እኔ ነበርሁ። ሐኪሙ የጻፈላቸው ደብዳቤ በእጄ ባለፈ ጊዜ የተቆረጠባቸው ደመወዝ እንዲመለስ ጻፍሁ፤ ተመለሰላቸውም። የመዝገቡ ቃል ግን አይፋቅም፤ ደንቡ አይፈቅድም። ከጎኑ በቀይ ቀለም «በሐኪም ማስረጃ ተሽሯል» ብዬ ፈረምሁበት፤ ሁለቱም ቃሎች ጎን ለጎን ይታያሉ።

ዛሬ ሥራቸው ተቀምጠው የሚሠሩት ነው። በታክሲ መምጣት ሲችሉ አንዳንድ ቀን ዳገቱን ሊሞክሩት ይወዳሉ፤ እኔም ያን ጊዜ አብሬያቸው እወጣለሁ። ባለፈው ሳምንት በቴዎድሮስ አደባባይ ቆምን፥ ጥቂት ወጥተን ደግሞ ቆምን። ሰዓታቸውን አዩና፥ «ወንድሜ፥ አንተ ቅደመኝ፤ በሁለት ሰዓት ተኩል መዝገቡ ይነሣል» አሉኝ።

«የማነሣው እኔ አይደለሁም እንዴ፥ ጋሼ» አልኋቸውና ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆምሁ።